በደጃችን ያለው የምርምር ሥራና የልጆቻችን ዕድል

(በረሆቮት ለወላጆችና ለወጣቶች በተዘጋጀ የማኅበረሰብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ ማታ የመጣሁት ስለ ሥራ ልነግራችሁ ነው። ከቤታችን ብዙም ሳይርቅ ስላለ፣ እኛ ግን እንደ ሌላ አገር ስለምናየው ሥራ ነው የምናገረው። ከቂርያት ሞሼ ተነሥቶ በሄርዝል መንገድ የሚጓዝ ሰው የማኾን ቫይጽማንን በር ያገኛል። በዚያ በር አጠገብ በአውቶቡስ ስናልፍ ኖረናል። ብዙዎቻችን ገብተንም እናውቃለን፤ የገባነው ግን ለጽዳት፣ ለጥበቃ፣ ለአትክልት ሥራ ነው። ይህን ስል ሥራውን ንቄ አይደለም። እኔን አሳድጎ ለትምህርት ያበቃኝ እናቴ ወለል ወልውላ ያመጣችው ገንዘብ ነው። ነገር ግን አንድ ሕዝብ ወደ አንድ ግቢ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ በር ብቻ ሲገባ፣ ሌላ በር መኖሩን ይረሳል። ዛሬ የምናገረው ስለዚያ ስለ ሌላው በር ነው።

ከተማችን የቁጥር ከተማ ናት

ዓመቶቹን የምጠራው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው። ተቋሙ በ1934 የዳንኤል ዚፍ የምርምር ተቋም ተብሎ ተጀመረ። የመሠረቱት ኬሚስቱ ሐይም ቫይጽማን ናቸው፤ ኋላም የእስራኤል የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ከ1949 ጀምሮ ተቋሙ በስማቸው ይጠራል። የዚህ አገር የመጀመሪያው ኮምፒውተር «ቫይዛክ» የተሠራውም እዚሁ ረሆቮት ውስጥ ነው። በ1955 ሥራ ሲጀምር ከተሰጡት የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ የውቅያኖስ ውኃ እንዴት እንደሚሞላና እንደሚጎድል ማስላት ነበር። ከከተማው ሌላ ወገን ደግሞ ከ1942 ጀምሮ የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእርሻ ፋኩልቲ አለ።

በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት ሦስት ሰዎች አንዷ የቫይጽማኗ አዳ ዮናት ናት። በኢየሩሳሌም ከድሃ ቤተሰብ ተወልዳ፣ አባቷን በልጅነቷ አጥታ፣ እናቷን በሥራ እየረዳች የተማረች ሴት ናት። የእርሷን ታሪክ የማነሣው ለልጆቻችን ኖቤል ለመመኘት አይደለም። ድህነትና የአባት ማጣት የምርምርን በር እንደማይዘጉ እንድታዩ ነው።

የመረጃ ትንተና ማለት ምንድን ነው?

«ተመራማሪ» ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ነጭ ካፖርት ለብሶ ብልቃጥ የሚያንቀሳቅስ ሰው ነው። እንደዚያ ያለ ሰው አለ። ነገር ግን ዛሬ በቤተ ሙከራ ውስጥ እኩል የሚፈለገው፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ የቁጥር ክምር የሚያጣራው ሰው ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥ። የአንድ ሰው የዘር መረጃ 3 ቢሊዮን ያህል ፊደላት አሉት። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንበብ የብዙ አገር ሊቃውንት ከ1990 እስከ 2003 ደክመዋል። ዛሬ ያንኑ ሥራ መሣሪያ በቀናት ይጨርሰዋል። መሣሪያው የሚሰጠው ግን መልስ አይደለም። የሚሰጠው የተወቃ ጤፍ ከነገለባው እንደማለት ነው። እናቶች ታውቁታላችሁ፤ ገና መዝራት አለበት፣ መንጓለል አለበት፣ መበጠር አለበት፣ በመጨረሻም መሰፈር አለበት። የመረጃ ተንታኝ ሥራ ይኸው ነው። የተሳሳተውን ንባብ ያወጣል፤ የሚነጻጸሩት ሰዎች በእርግጥ የሚነጻጸሩ መሆናቸውን ያያል፤ የታየው ልዩነት እውነት ይሁን ወይም እንዲያው አጋጣሚ በስታቲስቲክስ ይመረምራል፤ ውጤቱንም ሌላ ሰው ሊያነበው በሚችል ሥዕል ያቀርባል።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግሉ ሁለት የኮምፒውተር ቋንቋዎች አሉ፤ አንዱ «ፓይተን»፣ ሁለተኛው «አር» ይባላሉ። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ፓይተን ለሕዝብ የወጣው በ1991 ነው፤ እኔና ብዙዎቻችሁ በዘመቻ ሰሎሞን በገባንበት ዓመት ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ አገር ያለን ዕድሜና የእርሱ ዕድሜ እኩል ነው። ቁጥርም ቢሆን ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ከዮም ኪፑር በኋላ 50 ቀን ቆጥረው የስግድን ቀን ሲነግሩን የኖሩት ቄሶቻችን ኮምፒውተር አልነበራቸውም።

እኛ እዚያ ውስጥ ካልገባን ምን ይጎድላል?

«ልጄ ዶክተር ወይም ጠበቃ ቢሆን ይሻላል፤ ይህ የኮምፒውተር ጉድ ምን ያደርግልናል?» የሚል ወላጅ አለ። ጥያቄው ትክክል ነው። መልሱን በእናቴ ልጀምር።

እናቴ ከጥቂት ዓመታት በፊት ለተራ ምርመራ ደም ሰጠች። ነጭ የደም ሕዋስሽ አንሷል ተባለች። ደግማ ሰጠች፤ አሁንም አንሷል ተባለ። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠራ ቤታችን በሐዘን ተመታ፤ ካንሰር ነው ብለን ሌሊቱን ስናለቅስ አደርን። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አይታ፣ «ይህ በእናንተ ዘንድ የተለመደ ነው፤ ጤነኛ ነዎት» አለቻት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባሉት በአንድ ማይክሮሊትር ደም ከ1,500 በታች ሲሆኑ እንደ ጉድለት ይቆጠራል። ይህ ልክ የወጣው በአብዛኛው ከሌላ ሕዝብ ደም ነው። በአፍሪካ ተወላጆች፣ በቤተ እስራኤልና በየመን አይሁድ መካከል ግን ቁጥሩ ከዚያ ዝቅ ያለ ብዙ ጤነኛ ሰው አለ። ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ዋነኛው ምክንያት አንድ የዘር ልዩነት መሆኑን ተመራማሪዎች በ2009 አሳይተዋል፤ ያው ልዩነት ከወባ ዓይነቶች አንዱን ለመከላከል ይረዳል። ይህን ያወቁት የብዙ ሺህ ሰዎችን መረጃ በመተንተን ነው። (ይህን ሰምታችሁ ሐኪም ሲጠራችሁ አልሄድም እንዳትሉ አደራ። የእናንተን ደም መርምሮ የሚወስነው ሐኪም ነው።)

ሁለተኛው ምሳሌ ስኳር ነው። አገር ቤት ሳለን ስኳር በሽታ በመካከላችን ብርቅ ነበር። እዚህ ከገባን በኋላ ግን ወገኖቻችንን ከሌላው ሕዝብ ባነሰ ዕድሜና ቀጭን ሳሉ እንኳ እንደሚይዛቸው ጥናቶች አሳይተዋል። ከዚሁ ከከተማችን፣ ከቫይጽማን፣ በ2015 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። 800 ሰዎች ለአንድ ሳምንት ያህል ስኳራቸው እየተለካ የሚበሉትን ሁሉ መዘገቡ፤ ከ46,000 በላይ ምግቦች ተቆጠሩ። አንድ ዓይነት ምግብ የአንዱን ሰው ስኳር ሲያንር ለሌላው ምንም እንደማያደርግ ታየ። ከዚያም ኮምፒውተሩ ለእያንዳንዱ ሰው አስቀድሞ መገመትን ተማረ። እጅግ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ኮምፒውተር የሚያውቀው ያስተማሩትን ብቻ ነው። እንጀራና ሽሮ፣ ዳቦና ጠላ በምግቡ ዝርዝር ውስጥ ካልገቡ ስለ እኛ ማዕድ የሚለው ነገር አይኖርም። በእንዲህ ያለ ጥናት ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ስለ እንጀራስ?» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

ጠያቂው የቦታውን ነገር የሚያውቅ ሲሆን ምን እንደሚገኝ ከአገራችን ታሪክ እንማር። በ1964 ኢትዮጵያዊው ሊቅ አክሊሉ ለማ አድዋ አጠገብ ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎች በብዛት ሞተው አየ። የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያዛምቱት እነዚህ ቀንድ አውጣዎች ናቸው። እዚህ ያላችሁ እናቶች ሁሉ በእንዶድ አጥባችኋል፤ ነገሩ በዓይናችን ፊት ነበር። እሱ ግን አየ፣ ጠየቀ፣ መረመረ፣ ለዓለምም አሳየ።

ሦስተኛውን ሳልጠቅስ ባልፍ ደግሞ አይሆንልኝም። በጥር 1996 ወገኖቻችን የሰጡት ደም በስውር ይጣል እንደነበር ጋዜጣ ላይ ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ። ለውሳኔው የቀረበው ምክንያት ቁጥር ነበር፤ ስለ በሽታ መጠን የሚናገር ቁጥር። እኛ ለሰልፍ ወጣን፤ መውጣታችንም ትክክል ነበር። ነገር ግን ያንን ቁጥር ገልጦ፣ እንዴት እንደተሰበሰበና ምን እንደሚያረጋግጥ ወይም እንደማያረጋግጥ በራሱ ቋንቋ የሚከራከር ሰው በመካከላችን እጅግ ጥቂት ነበር። ስለ እኛ የሚጻፍ ቁጥር ወደፊትም ይኖራል። ጥያቄው የሚያነበው ማን ነው የሚለው ነው።

ዲግሪ ላላችሁ ወጣቶች

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ከመካከላችሁ በባዮሎጂ፣ በኬሚስትሪ፣ በአካባቢ ሳይንስ፣ በስነ ልቦና የመጀመሪያ ዲግሪ ይዛችሁ ሱቅ ውስጥ የምትሠሩ እንዳላችሁ አውቃለሁ። «ዲግሪዬ ሥራ የለውም» ትላላችሁ። ብዙ ጊዜ የጎደለው ዲግሪ ሳይሆን በዲግሪው ላይ የሚጨመር ሙያ ነው፤ እሱም ስታቲስቲክስና ፕሮግራም መጻፍ ነው። መንገዶቹ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፦ በመጀመሪያ ዲግሪ የሚያዝ ሥራ። ቤተ ሙከራዎችና ሆስፒታሎች የምርምር ረዳት፣ የመረጃ አያያዝና ትንተና ሠራተኛ ይቀጥራሉ። ማስታወቂያው በየተቋሙ የሥራ ገጽ ላይ ይወጣል።

ሁለተኛ፦ ማስተርስና ዶክትሬት። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፤ ቫይጽማን የመጀመሪያ ዲግሪ አያስተምርም። ያለው በ1958 የተቋቋመው የፋይንበርግ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ የሚገባ ተማሪ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ እንዲያውም መኖሪያ የሚሆን ሚልጋ ይሰጠዋል። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ባዮሎጂ የተማረ ሰው ወደ ትንተና፣ ሂሳብና ፊዚክስ የተማረ ደግሞ ወደ ባዮሎጂ ሊሻገር ይችላል።

ሦስተኛ፦ ዶክትሬት ላላቸው፣ ከዚያ በኋላ ያለው የተመራማሪነት ጊዜ፣ ወይም በባዮኢንፎርማቲክስ ክፍሎች የብዙ ቤተ ሙከራዎችን መረጃ የሚተነትን ቋሚ የሳይንስ ሠራተኛነት አለ።

ማመልከቻ ስትጽፉ ረጅም ደብዳቤ አትጻፉ። የቤተ ሙከራውን ኃላፊ አንድ ጽሑፍ አንብቡ፤ ምን እንደገባችሁና ምን ልትሠሩ እንደምትችሉ በጥቂት መስመር ጻፉ። ከዚህም በላይ የሠራችሁትን አሳዩ። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ቢሮና የጤና ሚኒስቴር ማንም ሊያየው የሚችል መረጃ ያወጣሉ። አንዱን ወስዳችሁ አጣሩት፣ ተንትኑት፣ በሥዕል አቅርቡት፤ ከደብዳቤው ጋር ላኩት። «ፕሮቴክጽያ የለኝም» አትበሉ፤ እንዲህ ያለ ሥራ ከምስክር ወረቀት ይልቅ ይናገራል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ አስተዳደጋችን። እኛ ትልቅ ሰው ፊት አንገት መድፋት፣ ሳይጠየቁ አለመናገር፣ የራስን ሥራ አለማወደስ ተምረናል። መልካም ጠባይ ነው፤ አልጥለውም። ለሥራ ሲጠይቋችሁ ግን ዝምታችሁ አለማወቅ ተብሎ ይጻፋል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አባቶቻችን።

የእኔ ጥፋት

ለወላጆች ከመናገሬ በፊት ስለ ራሴ ልናዘዝ። ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ወጥቼ በሐቲባ ሳስተምር፣ ከክፍሌ አንድ የእኛ ልጅ ነበር። በሂሳብ እጅግ ፈጣን ነው፤ ሌሎቹ እርሳስ ሲፈልጉ እሱ መልሱን ተናግሯል። በሀቅባጻ አሌፍ፣ ማለትም በከፍተኛው የሂሳብ ምድብ ነበር። ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ አባቱ ታመመ፤ ልጁም ማታ ማታ እናቱን በጽዳት ሥራ መርዳት ጀመረ። ውጤቱ ወረደ። መምህራን ተሰበሰብን። «ልጁን አናስጨንቀው፤ ወደ ታች ምድብ ይውረድ» ተባለ። እኔም ተስማማሁ። ያዘንኩለት መስሎኝ ነበር። እናቱም እኔን አምና ፈረመች።

ከዚያ ምድብ ተመልሶ የሚወጣ ጥቂት ነው። ልጁ የሂሳብ ባግሩቱን በ3 የሂዶት ጨረሰ፤ ወደ ሠራዊት ሄደ፣ ተመለሰ። ከብዙ ዓመት በኋላ ለጉዳይ ወደ አንድ የምርምር ተቋም ስሄድ፣ በሩ ላይ መታወቂያዬን የጠየቀኝ እሱ ነበር። ተሳሳምን። «እዚህ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ያውቃሉ?» አለኝ። አላውቅም ነበር። እሱ ግን በሌሊት ጥበቃ ላይ ሆኖ ከሚያመሹት ተማሪዎች ጋር ሲያወራ ሁሉንም ተረድቷል። «ቁጥር ነው የሚሠሩት። እኔ እኮ ቁጥር እወድ ነበር» አለኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገረው፤ ለዚህም ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ። የሰውን ልጅ በርኅራኄ ወደ ታች ማውረድ እንደሚቻል ያን ቀን ተማርኩ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ይህን ያዙልኝ። ዮም ሆሪም ላይ ስትቀመጡ «ልጄ ጨዋ ነው ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ። «በሂሳብ በየትኛው ሀቅባጻ ነው? ወደ ላይ ለመውጣት ምን ይጎድለዋል? ማን ይረዳዋል?» ብላችሁ ጠይቁ። ምድቡን የሚያወርድ ወረቀት ሲቀርብላችሁ፣ ጽሑፉን የሚያስረዳ ሰው ሳታማክሩ አትፈርሙ። 5 የሂዶት ሂሳብ ከባድ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሳይንስና ኮምፒውተር ትምህርት የሚወስደውን መንገድ በሰፊው ይከፍታል። ዕብራይስጥ ባታነቡ እንኳ ልጁ ሲያጠና አጠገቡ ቡና ማፍላት፣ የሥራውን ሰዓት ከትምህርቱ ሰዓት መለየት ትችላላችሁ።

ሳልደብቅ ልናገር

ይህ መንገድ ሁሉ ማር ነው አልልም። የምርምር ሥራ ብዙ ጊዜ ከአንድ የጥናት በጀት ጋር የታሰረ ነው፤ በጀቱ ሲያልቅ ውሉም ሊያልቅ ይችላል። ደመወዙ ከሃይ ቴክ ኩባንያ ያነሰ ነው። እንግሊዝኛ ግዴታ ነው። ትምህርቱም ረጅም ነው፤ በዚያ ሁሉ ዓመት ቤተሰብ የሚጠብቅ ወጣት እንዳለ አውቃለሁ። በሌላ በኩል ግን ስታቲስቲክስና ፕሮግራም የተማረ ሰው አንድ ቤተ ሙከራ ቢዘጋ በሆስፒታል፣ በባንክ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ ሊፈልግ ይችላል።

ጁን 15 ቀን 2025 ሌሊት የኢራን ሚሳይል ቫይጽማንን ሲመታ ቤታችን እንዴት እንደተናወጠ ታስታውሳላችሁ። ቤተ ሙከራዎች ፈረሱ፣ ለዓመታት የተሰበሰበ ናሙና ጠፋ። ናሙና አንዴ ከተቃጠለ አይመለስም፤ በሌላ ቦታ ተቀድቶ የተቀመጠ መረጃ ግን ሊተርፍ ይችላል። መረጃን በሥርዓት መያዝ የሚችል ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያን ሌሊት ብዙ ሰው ተረድቷል።

ባግሩቱ ደካማ ለሆነም ሰው መንገዱ አልተዘጋም። መኺና አለ። ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ያለ ባግሩትና ያለ ፕሲኮሜትሪ ኮርስ ያስጀምራል፤ የሚጠይቀው ኮርሱን ማለፍ ነው። ስለ ሚልጋ የሚንሀል ሀስቱደንቲምን ቢሮ ጠይቁ፤ ደንቡ ስለሚለዋወጥ ከጎረቤት ወሬ ሳይሆን ከቢሮው ስሙ።

ያ ተማሪዬ አሁን ከሠላሳ ዓመት በላይ ነው። ባለፈው ዓመት የስታቲስቲክስ መግቢያ ኮርስ ተመዘገበ፤ በጥበቃው ሥራ መካከል ያጠና ነበር። ወደቀ። ደውሎ ነገረኝና እንዳልተሳካ ቆጥሬ ላጽናናው ስጀምር አቋረጠኝ። «አይዘኑልኝ መምህርት፤ እንደገና ተመዝግቤያለሁ» አለኝ። ይህን ጊዜ አላዘንኩለትም። ከአዋቂ ሰው ጋር አገናኘሁት፤ በሳምንት ሁለት ቀን አብረው ያጠናሉ።

እኛም በማኅበራችን የምናደርገው ይህንኑ ነው። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ወረቀት አለ። በአንዱ ላይ መማር ወይም ሥራ ማመልከት የሚፈልግ ስሙን ይጻፍ። በሁለተኛው ላይ ደግሞ ሂሳብ፣ እንግሊዝኛ ወይም ኮምፒውተር የሚያውቅና በሳምንት አንድ ሰዓት ሊሰጥ የሚችል ይጻፍ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ ሁለቱ ወረቀቶች እኩል ሳይሞሉ ሻይ አይቀዳም።